ቪፒኤንን በቤት ራውተር ላይ መጫን፦ ኢንተርኔት ለሚታፈንበት ቤት ዝርዝር መመሪያ

ስልክ ላይ ያለ ቪፒኤን ሲቋረጥ ቢያንስ ምልክቱ ከስክሪኑ ጫፍ ይጠፋል። ያየ ሰው ያውቃል። ራውተር ላይ ያለው ሲቋረጥ ግን ማንም አያየውም። ዋይፋዩ እንደበራ ነው፣ ገጹ ይከፈታል፣ ቪዲዮውም ይጫወታል። አሁን ግን የሚከፈተው ሁሉ በኢንተርኔት አቅራቢው ዓይን ሥር እያለፈ ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ደግሞ «ራውተሩ ይጠብቀናል» ብለው ተማምነው ተቀምጠዋል።

ስለዚህ እዚህ ብዙ ቦታ የምሰጠው ቪፒኤኑን ለማገናኘት አይደለም። ማገናኘቱ ቀላል ነው። ከባዱ ቪፒኤኑ ሲወድቅ በጎን የሚያሾልኩትን በሮች መዝጋት ነው። ይህን ሳይጨርስ የሚተው ሰው ራውተሩ ላይ ባይጭነው ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። የሐሰት መተማመን ጥበቃ ከማጣት ይብሳል።

የታፈነው በምን መንገድ ነው?

እገዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀላሉ በዲኤንኤስ የሚደረገው ነው። የድረ ገጹን ስም ስትጽፉ አቅራቢው የተሳሳተ አድራሻ ይመልሳል፣ ወይም «እንዲህ የሚባል የለም» ይላል። ሁለተኛው የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ በቀጥታ መዝጋት ነው። ሦስተኛው ትንሽ ይረቅቃል። ስልካችሁ ከአንድ ገጽ ጋር የተመሰጠረ ግንኙነት ሲጀምር፣ አብዛኛውን ጊዜ የገጹን ስም መጀመሪያ ላይ በግልጽ ይልካል። ኤስኤንአይ ይባላል። መሃል ላይ የተቀመጠው መሣሪያ ስሙን አንብቦ ግንኙነቱን ይቆርጠዋል።

ለእነዚህ ሦስቱ ተራ ቪፒኤን ይበቃል። ነገሩ የሚከብደው አራተኛው ላይ ነው። ዲፒአይ የሚባለው ጥልቅ ፍተሻ የተመሰጠረውን ማንበብ ባይችልም የፓኬቶቹን (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክባቸውን ጥቅሎች) መጠን፣ አጀማመርና አካሄድ አይቶ «ይህ ቪፒኤን ነው» ብሎ ይለያል። ከዚያ ይዘጋዋል፣ ወይም እስኪያማርር ድረስ ያዘገየዋል። የቻይናው ፋየርዎል ከእ.ኤ.አ. 2021 ኖቬምበር ጀምሮ ምንም የታወቀ ፕሮቶኮል (የመግባቢያ ስልት) የማይመስሉ፣ ከመጀመሪያው ባይት የተመሰጠሩ ግንኙነቶችን ጭምር መቁረጥ ጀምሯል። ምንም አለመምሰል ራሱ አጠራጣሪ ሆኗል ማለት ነው።

ኢንተርኔቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ግን ቪፒኤን አይረዳም። ቪፒኤን የሚሄደው ባለው መስመር ላይ ነው። መስመሩ ከሌለ እሱም የለም።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ አገሮች ያልተፈቀደ ቪፒኤን መጠቀምን ይከለክላሉ፣ ይቀጣሉም። ራውተር ላይ የተጫነ ቪፒኤን ደግሞ ቀንና ሌሊት ከአንድ የውጭ አድራሻ ጋር ሲነጋገር ይውላል። አቅራቢው ምን እንደምታወሩ ባያይም ከማን ጋር እንደምታወሩ ያያል። ያላችሁበትን አገር ሕግ እወቁ፤ ውሳኔውንም አብረዋችሁ ከሚኖሩት ጋር ሆናችሁ ወስኑ። ጉዳዩ የሁሉም ነው።

ማንን ነው የምታምኑት?

ቪፒኤን ስትጠቀሙ እምነታችሁን ከኢንተርኔት አቅራቢው ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ታዛውራላችሁ። ከዚህ በፊት አቅራቢው ያይ የነበረውን አሁን እሱ ያየዋል። ባለቤቱ የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን ለአንድ ስልክም አይሆንም፤ መላ ቤት ማሳለፍማ አይታሰብም።

ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ክፍያ የሚጠይቅ፣ በሚገባ የታወቀ ድርጅት ነው። በብዙ አገር ሰርቨር አለው፤ አንዱ ሲዘጋ ወደ ሌላው ትቀይራላችሁ። ችግሩ፣ የታወቁ ድርጅቶች የአይፒ ዝርዝር ለሚያግደውም የታወቀ ነው። ሌላው ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ የራስን ቪፒኤን መትከል ነው። አምኔዚያ የሚባለው ክፍት ፕሮግራም ይህን ለጀማሪም ቀላል አድርጎታል። ማንም የማያውቀው አድራሻ ስለሆነ ቶሎ አይታገድም። ከታገደ ግን ያላችሁ እሱ ብቻ ነው። ሰርቨሩ የተከራየውም በእናንተ ስም ነው።

እኔ ብመክር ሁለቱንም ያዙ። አንዱ ለዘወትር፣ ሌላው ለክፉ ቀን።

የምትመርጡት አገልግሎት ዋየርጋርድ ለሚባለው የቪፒኤን ፕሮቶኮል የሚሆን ፋይል አውጥቶ እንዲሰጣችሁ ያስፈልጋል። በራሱ አፕ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ለራውተር አይሆንም። ዋየርጋርድን የምመርጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገብቷል፤ ምስጠራውም ኤኢኤስ የሚባለውን ምስጠራ የሚያፋጥን የተለየ መመሪያ በሌለው አነስተኛ ፕሮሰሰር ላይ ሳይቀር ይፈጥናል። የቤት ራውተር ፕሮሰሰር ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ኦፕንቪፒኤን በዕድሜ ይበልጠዋል፣ በብዙ ራውተር ላይም አለ። ነገር ግን ያንኑ ራውተር ላይ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል።

ራውተሩ

አቅራቢው የሰጣችሁን ሳጥን አትንኩት። ብዙዎቹ ቲአር-069 በሚባል መንገድ ከርቀት ይተዳደራሉ። አቅራቢው ሴቲንጉን ማየትም መቀየርም ይችላል። የቪፒኤን ቁልፋችሁን እዚያ ውስጥ ማስቀመጥ ቁልፉን ለሚጠብቁት ሰው እንደመስጠት ነው።

የራሳችሁን ራውተር ግዙና ከኋላው ሰኩት። ከአቅራቢው ሳጥን የላን (የቤት ውስጥ መስመር) ቀዳዳ የሚወጣው ኬብል የእናንተ ራውተር ዋን (ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር) ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። በቃ። ሁለቴ «ናት» (NAT፣ ራውተር የሚያደርገው የአድራሻ መቀየር) ይሆናል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ወደ ውጭ ለሚሄድ ቪፒኤን ችግር የለውም። ልብ ልትሉት የሚገባው ሁለቱም ራውተሮች 192.168.1.1ን እንዳይጠቀሙ ነው። አድራሻው ከተመሳሰለ ምንም አይሠራም፣ ምክንያቱንም ስትፈልጉ ትውላላችሁ። የእናንተን 192.168.8.1 አድርጉት።

ይህ አቀማመጥ ሌላ ጥቅም አለው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምን ዓይነት ራውተር? ጂኤል-አይኔት የሚሠራቸው ትንንሽ ራውተሮች የዋየርጋርድ ክላየንት ከፋብሪካው ይዘው ይመጣሉ፤ ፋይሉን ትጭናላችሁ፣ ያልቃል። ማይክሮቲክ ከሥሪት 7 ጀምሮ አለው። የኤሱስ አዳዲስ ሞዴሎችም አላቸው። ሌላው መንገድ ኦፕንዋርት የሚባለውን ክፍት ፈርምዌር (ራውተሩ የሚሠራበትን ሶፍትዌር) መጫን ነው። ከታች ያለውን ሁሉ በኦፕንዋርት ነው የማሳየው። ምክንያቱም በሮቹን አንድ በአንድ እንድትዘጉ የሚፈቅድላችሁ እሱ ነው። 16 ሜጋባይት ፍላሽና 128 ሜጋባይት ራም ያለው ይሁን። ከዚያ በታች ያለው ይጨናነቃል።

ፈርምዌር ከመጫናችሁ በፊት ራውተሩን ገልብጡና ከታች የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም፤ የሃርድዌር ሥሪቱም፣ ማለትም ቪ1 ወይም ቪ2 የሚለው፣ መግጠም አለበት። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ራውተሮች ውስጣቸው ፍጹም ሊለያይ ይችላል። የተሳሳተ ፋይል ራውተሩን ከነአካቴው ያደርቀዋል። መጫን ያለበት በኬብል ነው። ሲጨርስ ዋይፋዩ ከጠፋ አትደንግጡ፤ ኦፕንዋርት በአብዛኞቹ ራውተሮች ላይ ዋይፋዩን አጥፍቶ ነው የሚጀምረው። በኬብል ገብታችሁ መጀመሪያ የይለፍ ቃል አውጡ፣ ከዚያ ዋይፋዩን አብሩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሙ። የኦፕንዋርት ፋይል መምረጫ ገጽ ላይ የሚጫኑትን ፓኬጆች መጨመር ይቻላል። «ሉሲ-ፕሮቶ-ዋየርጋርድ» የሚለውን እዚያው ጨምራችሁ ፋይሉን አሠሩ። አለበለዚያ ራውተሩን ከጫናችሁ በኋላ ፓኬጁን ለማውረድ ስትሞክሩ ያ ገጽ ራሱ ታግዶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ቪፒኤኑን ለማግኘት ቪፒኤን ሊያስፈልጋችሁ ነው። ገና መንገዱ ክፍት ሳለ ፈርምዌሩንም፣ የቪፒኤን ፋይሎችንም፣ ይህን መመሪያም ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ።

ቱነሉን መዘርጋት

ከቪፒኤን አገልግሎቱ የምታገኙት የዋየርጋርድ ፋይል አጭር ጽሑፍ ነው። በጽሑፍ ማንበቢያ ክፈቱትና እዩት። ከላይ የእናንተ ምስጢራዊ ቁልፍና የውስጥ አድራሻ አለ። ከታች የሰርቨሩ ይፋዊ ቁልፍ፣ አድራሻና ፖርት አለ። «ኢንድፖይንት» ከሚለው ጎን ያለው ስም ከሆነ በቁጥር አይፒ ቀይሩት። ስም ሲሆን ራውተሩ ቱነሉ (እስከ ቪፒኤኑ ሰርቨር የሚዘረጋው የተመሰጠረ መንገድ) ሳይከፈት በፊት ለአቅራቢው ዲኤንኤስ ጥያቄ ይልካል፤ መልሱ ሊመረዝ ይችላል።

1. በኮምፒውተር አሳሽ 192.168.8.1ን ክፈቱ። «ኔትወርክ» ከዚያ «ኢንተርፌስስ» ግቡ። አዲስ ኢንተርፌስ ጨምሩ፤ ስሙን እንደፈለጋችሁ፣ ፕሮቶኮሉን ደግሞ ዋየርጋርድ አድርጉ።

2. በአዳዲስ ሥሪቶች ላይ ፋይሉን ማስገቢያ ቁልፍ አለ። የፋይሉን ጽሑፍ ገልብጣችሁ ለጥፉበት፤ ቦታዎቹን ራሱ ይሞላል።

3. «ፒርስ» የሚለውን ክፈቱ። «አሎውድ አይፒስ» ላይ 0.0.0.0/0 መኖሩን አረጋግጡ። ይህ ማለት ሁሉም ነገር በቱነሉ ይሂድ ማለት ነው። ከዚያ «ራውት አሎውድ አይፒስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ይህች ምልክት ካልተደረገች ቱነሉ ይገናኛል፣ ግን ማንም አያልፍበትም። ብዙ ሰው የሚረሳው እሷን ነው።

4. «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» ላይ 25 ጻፉ። በየ25 ሴኮንዱ ትንሽ ፓኬት እየላከ መንገዱ እንዳይዘጋ ያደርጋል።

5. «ፋየርዎል» በሚለው ሥር አዲስ ዞን ፍጠሩ፤ «ቪፒኤን» በሉት። አስቀምጡና ተግባራዊ አድርጉ።

እስካሁን ያለው ማገናኘት ነው። ብዙ መመሪያ እዚህ ጋ ይቆማል።

በሮቹን መዝጋት

«ኔትወርክ» ሥር «ፋየርዎል» ክፈቱ። የፈጠራችሁት የቪፒኤን ዞን ላይ «ኢንፑት» እና «ፎርዋርድ» ውድቅ፣ «አውትፑት» ደግሞ የተፈቀደ ይሁን። «ማስከሬዲንግ» እና «ኤምኤስኤስ ክላምፒንግ» የሚሉትን አብሩ።

አሁን የላን ዞኑን ክፈቱ። ላን የቤታችሁ መሣሪያዎች ያሉበት ነው። ወዴት መውጣት እንደሚችል የሚናገር ዝርዝር አለው፤ «ዋን» የሚለው እዚያ ተመርጧል። ዋንን አውጡት፣ በምትኩ ቪፒኤንን አስገቡ።

ከዚህ ሁሉ ሥራ የማትዘለለው ይህች ናት። ከአሁን በኋላ ቤት ውስጥ ያለ ስልክ ወደ ውጭ የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ አለው። ቱነሉ ከወደቀ ስልኩ በሌላ በኩል አይዞርም፤ ኢንተርኔት ያጣል። ኪል ስዊች የሚሉት ይኸው ነው። የተለየ ፕሮግራም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው በር ዲኤንኤስ ነው። አሁን የዘጋነው ከመሣሪያዎቻችሁ የሚመጣውን ነው እንጂ ራውተሩ ራሱ የሚልከውን አይደለም። ስልኩ የአንድን ገጽ አድራሻ ራውተሩን ይጠይቃል፤ ራውተሩ ደግሞ በራሱ ስም ወደ ውጭ ይጠይቃል። ገጹ ባይከፈትም ስሙ ሊሾልክ ይችላል። ስለዚህ «ዋን» ኢንተርፌስን ክፈቱና አቅራቢው የሚሰጠውን ዲኤንኤስ ተጠቀም የሚለውን ምልክት አንሱ። በቪፒኤን ኢንተርፌሱ ላይ ደግሞ ከፋይሉ የተገኘውን የዲኤንኤስ አድራሻ አስገቡ። ዲኤንኤሱን በጠቅላላው ሴቲንግ ውስጥ ሳይሆን እዚህ ማሰራችሁ ትርጉም አለው፦ ኢንተርፌሱ ሲወርድ ዲኤንኤሱም አብሮ ይወርዳል። ራውተሩ የሚጠይቀው ያጣል፣ ስሙም አይሾልክም።

ሦስተኛው አይፒቪ6፣ አዲሱ የአይፒ አድራሻ ዓይነት ነው። ብዙ የቪፒኤን አገልግሎት የቆየውን አይፒቪ4ን ብቻ ያሳልፋል። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ «ዋን6» የሚለውን ኢንተርፌስ አጥፉ፤ በላን ላይም የአይፒቪ6 ማደያዎቹን፣ ማለትም «አርኤ» እና «ዲኤችሲፒቪ6» የሚሉትን፣ አሰናክሉ። ይህን ስታደርጉ ስልኮቹ የማይሠራ መንገድ እየሞከሩ ጊዜ ማባከናቸውንም ታስቀራላችሁ።

ሰዓቱ

ይህን ለብቻው ያነሳሁት ሰው ሁሉ ግራ የሚጋባበት ስለሆነ ነው። ቪፒኤኑ ሳምንታት በደንብ ይሠራል። አንድ ቀን መብራት ይጠፋል። ሲመለስ ራውተሩ ይነሳል፣ ቱነሉ ግን አይገናኝም። ምንም አልተነካም፣ ምንም አልተቀየረም።

ምክንያቱ ይህ ነው። አብዛኛው የቤት ራውተር ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም። ሲነሳ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ይዞ ይነሳል። ዋየርጋርድ ደግሞ እያንዳንዱ የመተዋወቂያ ፓኬት ላይ ሰዓት ይጽፋል። ሰርቨሩ ከዚህ በፊት ካየው የቆየ ሰዓት ሲያይ «ይህ የተቀዳ የድሮ ፓኬት ነው» ብሎ ይጥለዋል። ራውተሩ ሰዓቱን እንዳያስተካክል ደግሞ የሰዓት ሰርቨሩ የሚገኘው በቱነሉ በኩል ነው፤ ቱነሉ ደግሞ ሰዓት እስኪስተካከል አይከፈትም። ሁለቱ ተያይዘው ይቀራሉ።

መፍትሔው ለሰዓት ብቻ ጠባብ መንገድ መተው ነው። በ«ሲስተም» ውስጥ የሰዓት ሰርቨሩን በስም ሳይሆን በቁጥር አስገቡ፤ ለምሳሌ የክላውድፍሌር የሰዓት ሰርቨር 162.159.200.1 ነው። ከዚያ «ኔትወርክ» ሥር «ራውቲንግ» ግቡና ወደ 162.159.200.1/32 የሚሄደው በዋን በኩል እንዲወጣ ቋሚ መንገድ ጨምሩ። ጌትዌዩ የአቅራቢው ሳጥን አድራሻ ነው፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1። አቅራቢው የሚያየው ራውተራችሁ ሰዓት እንደጠየቀ ብቻ ነው።

ፈትኑት፣ ደግሞም በክፉ

ሲሠራ መፈተን ቀላል ነው። የአይፒ አድራሻ የሚያሳይ ገጽ ክፈቱ፤ የቪፒኤኑ አገር ይታያል። የዲኤንኤስ ፍሳሽ መፈተሻ ገጽ ክፈቱ፤ የአቅራቢያችሁ ስም መታየት የለበትም።

እውነተኛው ፈተና ግን መስበር ነው። ከቪፒኤን ኢንተርፌሱ ጎን ያለውን «ስቶፕ» ጫኑ። አሁን ስልካችሁ ላይ ከዚህ በፊት ከፍታችሁት የማታውቁትን ገጽ ክፈቱ። መከፈት የለበትም። ከተከፈተ የላን ዞኑ ውስጥ ዋን አሁንም አለ ማለት ነው፤ ተመለሱና አስተካክሉ። የስልኩን የሞባይል ዳታ ማጥፋት አትርሱ፣ አለበለዚያ ፈተናው ያሳስታችኋል። ቀጥሎ ራውተሩን ከሶኬት ንቀሉት፣ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ መልሳችሁ ሰኩት። ማንም ሳይነካው በራሱ ከተገናኘ ሥራው ተሠርቷል።

ቁጥሮቹን ማንበብ

ካልተገናኘ «ስታተስ» ሥር «ዋየርጋርድ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። የተላከና የተቀበለ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። እነዚህን ማንበብ የቻለ ሰው ከብዙ መላ ምት ይድናል።

የዋየርጋርድ የመጀመሪያ ፓኬት ሁሌም 148 ባይት ነው። መልሱ ሁሌም 92 ባይት ነው። መልስ ካላገኘ በየ5 ሴኮንዱ ገደማ ደግሞ ይሞክራል። ስለዚህ የተላከው 148፣ 296፣ 444 እያለ የሚያድግና የተቀበለው 0 ላይ የቆመ ከሆነ፣ ራውተራችሁ እያንኳኳ ነው፣ የሚከፍት ግን የለም። ወይ ቁልፉ ተሳስቷል፣ ወይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ወይ መንገዱ ላይ እየተጣለ ነው። ያንኑ ፋይል በሌላ ኔትወርክ ላይ፣ በስልክ ሞክሩት። እዚያ ከሠራና ሰዓቱም ልክ ከሆነ እገዳ ነው።

የተቀበለው 92 ላይ ከቆመ ሰላምታው ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን አላለፈም። ይህ ግንኙነቱ ቪፒኤን መሆኑ ከታወቀ በኋላ የመቆረጥ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ቁጥሮች እያደጉ አንዳንድ ገጽ ብቻ የሚንጠለጠል ከሆነ ደግሞ እገዳ አይደለም፤ የፓኬት መጠን ነው። ጽሑፍ ብቻ ያለው ገጽ ይከፈታል፣ ምስል የበዛበት ግን ሲዞር ይቀራል። የኢንተርፌሱ ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) ብዙውን ጊዜ 1420 ነው። መስመራችሁ ፒፒፒኦኢ የሚባለው (ብዙ ጊዜ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገናኘው) ከሆነ 1412 አድርጉት። አሁንም ካልሆነ 1280 ሞክሩ። በ1280 ከሠራ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት።

እንግዲህ እነዚያ 148 እና 92 ባይቶች ለእናንተ ምርመራ ይጠቅማሉ። ለሚያግደውም ይጠቅሙታል። ዋየርጋርድ ምስጢር ይጠብቃል እንጂ ማንነቱን ለመደበቅ አልተሠራም።

ዋየርጋርድ ራሱ ሲታገድ

መጀመሪያ ፖርቱን ቀይሩ። 51820 የታወቀው ፖርት ነው፤ አንዳንድ ቦታ የሚታገደው እሱ ብቻ ነው። አገልግሎታችሁ ሌላ ፖርት ከሰጠ፣ ለምሳሌ 443 ወይም 53፣ በዚያ ሞክሩ።

ካልሆነ አምኔዚያ-ዋየርጋርድ አለ። ዋየርጋርድ ራሱ ነው፣ መልኩ ግን ተቀይሯል። ከሰላምታው በፊት ትርጉም የሌላቸው ፓኬቶች ይልካል፤ የሰላምታውን መጠንና የመጀመሪያ ባይቶቹንም መቀየር ይችላል። ትርጉም የሌላቸውን ፓኬቶች መላክ ብቻ ከተራ የዋየርጋርድ ሰርቨር ጋርም ይሠራል። መጠኑንና ባይቶቹን ለመቀየር ግን ሰርቨሩም አምኔዚያ መሆንና ቁጥሮቹ በሁለቱም በኩል መመሳሰል አለባቸው። የራሳችሁ ሰርቨር ካላችሁ ጥቅሙ እዚህ ይታያል።

ኦፕንቪፒኤንን በቲሲፒ 443 ማሳለፍ የቆየ ዘዴ ነው። በደካማ ፍተሻ ያልፋል። ጠንካራ ዲፒአይ ግን ኦፕንቪፒኤንን በፖርቱ ሳይሆን በጠባዩ ያውቀዋል። ስተነል በሚባል ፕሮግራም ጠቅልላችሁ ተራ የድረ ገጽ ግንኙነት ማስመሰል ትችላላችሁ። ይዘገያል፤ ለመልእክትና ለንባብ ግን ይበቃል።

በጣም በጠነከረ ሳንሱር ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙት ቪለስ የሚባለውን ፕሮቶኮል ሪያሊቲ ከሚባለው መሸፈኛ ጋር ነው። ወደ አንድ እውነተኛ የታወቀ ድረ ገጽ የሚሄድ ግንኙነት መስሎ ያልፋል። በኦፕንዋርት ላይ ሲንግ-ቦክስ በሚባል ፕሮግራም ይሠራል፤ ራም ይበላልና ደካማ ራውተር ላይ አትሞክሩት። አዋቀሩም ከዚህ መመሪያ ያልፋል።

በየትኛውም ብትሄዱ አንድ ብቻ አዋቅራችሁ አትቀመጡ። ሁለተኛውን ኢንተርፌስ በዚያው የቪፒኤን ዞን ውስጥ አዘጋጁና አጥፍታችሁ አቆዩት። የመጀመሪያው ሲታገድ አንዱን አቁሞ ሌላውን ማስነሳት ብቻ ይቀራል። ዞኑ አንድ ስለሆነ የዘጋችኋቸው በሮች እንደተዘጉ ናቸው።

ሁለት ዋይፋይ በአንድ ቤት

እመለስበታለሁ ያልኩት ጥቅም ይህ ነው። የአቅራቢው ሳጥን የራሱ ዋይፋይ አለው። አታጥፉት። ስሙን በግልጽ ለዩት፣ ለምሳሌ «ቀጥታ» በሉት፤ የእናንተን ደግሞ «ቪፒኤን»ን በማይጠቅስ ሌላ ስም ጥሩት፤ የዋይፋይ ስም ጎረቤትም መንገደኛም ያነበዋልና።

ባንካችሁ ከውጭ አገር አይፒ የሚመጣን ሰው አያስገባ ይሆናል። የመንግሥት አገልግሎት ገጾችም እንዲሁ። የልጆቹ ጌም በቱነሉ ሊንቀራፈፍ ይችላል። ያን ጊዜ «ቀጥታ» ላይ ይገባሉ፣ ሲጨርሱ ይመለሳሉ። ውስብስብ የመንገድ ሕግ በራውተሩ ላይ ከመጻፍ ይህ ይሻላል፤ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይገባዋልና። ሌላም ጥቅም አለው። የቤቱ ትራፊክ በሙሉ ወደ አንድ የውጭ አድራሻ ብቻ ሲሄድ ዓይን ይስባል። ጥቂቱ በተራው መንገድ ሲሄድ ቤቱ እንደማንኛውም ቤት ይመስላል።

አደጋውም አለ። ስልክ የሚያውቀውን ዋይፋይ በራሱ ይይዛል። ጥበቃ በሚያስፈልጋቸው ስልኮች ላይ «ቀጥታ»ን በራስ-ሰር መገናኘት አጥፉ።

ከቤት የወጣ ስልክ ደግሞ ከራውተሩ ጥበቃ ወጥቷል። በሞባይል ዳታ ላይ ነው፣ ባዶውን። ሥራው ወይም ሕይወቱ በዚህ ላይ የቆመ ሰው፣ ጋዜጠኛም ይሁን የመብት ተሟጋች፣ ስልኩ ላይ የራሱ ቪፒኤን ያስፈልገዋል። የራውተሩ ለቤት ነው። ደግሞም ቪፒኤን አይፒያችሁን ይሸፍናል እንጂ በስማችሁ ከገባችሁበት አካውንት ማንነታችሁን አይሰውርም።

መጠባበቂያ

ሁሉም ከሠራ በኋላ «ሲስተም» ሥር «ባክአፕ» ግቡና የሴቲንጉን ፋይል አውርዱ። ራውተሩ ቢበላሽ ወይም ፈርምዌር ስታድሱ ቢጠፋ፣ ሁሉንም እንደገና ከመጻፍ ያድናችኋል። ግን ይህ ፋይል ውስጥ የዋየርጋርድ ምስጢራዊ ቁልፋችሁ እንዳለ ነው፣ ሳይመሰጠር። ኢሜይል ላይ አትላኩት፣ ቴሌግራም ላይ አታስቀምጡት። በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፍላሽ ላይ አድርጉት። ፍላሹ ከጠፋ ከአገልግሎቱ አዲስ ቁልፍ አውጡና አሮጌውን እዚያው ሰርዙት፤ የተሰረዘ ቁልፍ ማንም እጅ ቢገባ አይከፍትም።